ፊደሉ ለምን ከእጃችን ወጣ? የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በይፋት ቆላ

አያቴ ከአልጋዋ ሥር የምታስቀምጣት የቆርቆሮ ሳጥን አለች። ውስጧ ብዙ ነገር የለም። የሟች ባለቤቷ ፎቶግራፍ፣ የእድር ደረሰኞች፣ በፕላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ወረቀቶች። አንደኛው በ1974 ዓ.ም. የተሰጣት የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ነው። ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት እንደምትችል ይመሰክራል፤ ማኅተምም አለበት። ሁለተኛው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሯ ነው። እዚያ ላይ ከስሟ አጠገብ ያለው ፊርማ አይደለም፤ የአውራ ጣቷ አሻራ ነው።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጌ ያየኋቸው ክርክር ላይ ሆነን ነው። ከሮቢ ወንዝ ብዙም የማትርቅ መሬቷን ለሽንኩርት አልሚ አከራይታ ነበር። በቃል የተስማሙት ለሁለት ዓመት ነው። ወረቀቱ ተጻፈ፣ በፍጥነት ተነበበ፣ እሷም ጣቷን ቀለም ነክራ ጫነች። በሦስተኛው ዓመት መሬቴን መልሱልኝ ስትል ወረቀቱ «ለአምስት ዓመት» ይላል። የሚያናድደው ነገር፣ አያቴ ቁጥር ታነባለች። የአውቶቡስ ታሪፍ ታነባለች፣ ማሾ ስትሸጥ ሚዛኑን ራሷ ታያለች፣ ስልክ ሲደወልላት የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች አይታ ማን እንደሆነ ታውቃለች። ወረቀቱ ላይ 5 ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ አትሸወድም ነበር። የተጻፈው ግን በፊደል ነው፤ ፊደሉ ደግሞ ከእጇ ከወጣ ቆይቷል።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይሄ ነው። መንግሥት አስተምሬያታለሁ ብሎ በማኅተም የመሰከረላት ሴት፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንዴት ጣቷን ቀለም ነከረች? ይህ የአንዲት አሮጊት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ገጽ ላይ ባላመጣሁት። በሸዋ ሮቢት፣ በቀወት፣ በካራቆሬና በአጣዬ ዙሪያ ያንን ወረቀት ጠቅልሎ ያስቀመጠ ቤት ብዙ ነው።

ወደ ዘመቻው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። የደርግ ዘመን ፖስተሮችና ንግግሮች ገበሬውን ፊደል የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ፣ በጨለማ የኖረ ሰው አድርገው ነበር የሚስሉት። ይፋትን ለሚያውቅ ሰው ይህ አይዋጥም። በይፋት ተረተሮች ላይ በፍርስራሽ የቀሩት እነ ኖራና አስበሪ የመካከለኛው ዘመን ከተሞች ናቸው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት መቃብሮች ላይ የዓረብኛ ጽሑፍ ተቀርጿል። ከደጋው በኩል ደግሞ የቆሎ ተማሪ ዳዊት ይደግማል፣ ቆላው ላይ ልጆች ሉህ ይዘው ቁርኣን ቤት ይሄዳሉ። ገበሬው ራሱ ባይጽፍም ጽሑፍ ምን እንደሚያደርግ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ርስት የሚነጥቀውም የሚመልሰውም ወረቀት ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ዛፍ ሥር የሚቀመጠው ማመልከቻ ጻፊ ከዳኛው ባልተናነሰ የሚፈራና የሚለመን ሰው ነበር። ስለዚህ አያቴና ጓደኞቿ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዳስ ሥር ሲቀመጡ ለምን እንደሚማሩ አስረጂ አላስፈለጋቸውም። ማመልከቻ ጻፊው እጅ ላይ ላለመውደቅ ነው።

ሙከራው የተጀመረውም በደርግ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1948 ዓ.ም. ያልተማረ ጎልማሳ ሁሉ አማርኛ ማንበብና መጻፍ እንዲማር ጥሪ አድርገው ነበር። የፊደል ሠራዊት የሚባል የበጎ ፈቃድ እንቅስቃሴም ነበር። ጥሪው ግን ከከተማ ብዙም አልራቀም። ከዚያ በ1960ዎቹ ዩኔስኮ በ11 አገሮች ያካሄደው ሥራ ተኮር የማንበብና መጻፍ ሙከራ ኢትዮጵያንም ጨምሮ ነበር፤ የሙከራ ቦታዎቹ ግን እነ ወላይታና ጅማ ነበሩ፣ ይፋት አልደረሰውም። በ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። እነሱም ፊደል አስቆጥረዋል፣ ዋናው ሥራቸው ግን የመሬት አዋጁን ማስረዳትና የገበሬ ማኅበር ማቋቋም ነበር።

ትልቁ ነገር የመጣው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» የሚለውን መፈክር የዚያ ዘመን ሰው እስከ ዛሬ አይረሳውም። ልብ በሉ፣ ቀይ ሽብር ገና የትናንት ነገር ነው። ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች ባሉበት ከተማ፣ ያው መንግሥት የተረፉትን ልጆች እርሳስና ጠመኔ አስይዞ ላካቸው። ይህንን ቅራኔ የሚያነሳ ሰው እውነት አለው። ግን እውነቱ ይሄም ነው፤ ያንን የሚያህል ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በአገራችን አልተሠራም። የመጀመሪያው ዙር ከተሞች ላይ አተኮረ፣ ቀጥሎ ገጠር ገባ። በዓመት ሁለት ዙር፣ አንዱ በክረምት አንዱ በበጋ። ትምህርቱ በአምስት ቋንቋ ጀመረ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛና ሶማልኛ። በኋላ ቋንቋዎቹ 15 ደረሱ፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል። ወጪው በአብዛኛው ከሕዝብ መዋጮ የተሸፈነ ነው። ገና በሁለተኛው ዓመቱ የዩኔስኮን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ።

አያቴ እንደምትለው የእነሱ ክፍል የገበሬ ማኅበሩ ዳስ ነበር። ወንዶቹ ከኋላ፣ ሴቶቹ ከፊት። አስተማሪዋ ከአዲስ አበባ የመጣች የ12ኛ ክፍል ልጅ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ልጅቷ አስተማረች፣ ቀጥሎ ወባ ያዛትና አያቴ ቤት ተኛች። «እሷ ፊደል አስተማረችኝ፣ እኔ አጥሚት አጠጣኋት» ትላለች እየሳቀች። ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈችው ልጅቷ እጇን ይዛላት ነው። ያንን ቀን ስታወራ ድምጿ ይለወጣል። ሠርጓን እንኳ እንዲያ አታወራም።

ይህን ስላችሁ ሁሉም በደስታ ይማር ነበር ማለቴ አይደለም። የቀረ ይቀጣል። ስም የሚጠራው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፣ ያው ግብር የሚሰበስበው፣ ያው በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ የሚመለምለው ሰው። የክረምቱ ዙር የተቆረጠው የተማሪዎቹን የትምህርት ቤት ዕረፍት ተከትሎ ነው፤ የገበሬውን የሥራ ወቅት የጠየቀ የለም። ሐምሌና ነሐሴ በይፋት ቆላ ማሽላ የሚኮተኮትበት፣ ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የዋለ ሰው ማታ በኩራዝ ብርሃን «ሀ ሁ» ሲባል እንቅልፍ ቢጥለው ምን ይፈረዳል? እንዲያም ሆኖ መጡ። ብዙዎቹ ደግሞ ሴቶች ነበሩ። አያቴ ለምን ትሄጂ ነበር ስላት፣ አንዱ ምክንያቷ ፊደል አልነበረም፤ «ተቀምጬ የምውልበት ሌላ ቦታ ነበረኝ እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ፈተና ተፈተኑ፣ አለፉ፣ ወረቀት ተሰጣቸው።

ችግሩ እዚህ ጋ ይጀምራል። ያለፈ ሰው ሁሉ «መሃይምነት ጠፋለት» ተብሎ ተቆጠረ። አንዴ ከተቆጠረ ደግሞ ተመልሶ የሚያየው የለም። መንግሥት ወደ 20 ሚሊዮን ሕዝብ እንደተማረና ከአብዮቱ በፊት 93 በመቶ የነበረው መሃይምነት ወደ ሩብ ገደማ እንደወረደ ዘገበ። ዘመቻው ከደርግ ጋር አብሮ ቆመ። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከ10 ዓመት በላይ ያለው ሕዝብ ሩብ ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በገጠር ከዚያም ያነሰ። ያው «ሩብ» ነው፣ ግን የተገላቢጦሽ። ቆጠራ ከቆጠራ ይለያያል፣ አዲስ ትውልድም ትምህርት ቤት ሳይገባ አድጓል፣ እሺ። ይህን ሁሉ ቀንሰን እንኳ የሚቀረው ልዩነት ዐይን ያፈጣል።

ብዙ ሰው ይህንን ሲያይ «ደርግ ዋሽቶ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። የተጋነነ ሪፖርት መኖሩን አልክድም፤ ኮታ ባለበት ሁሉ ግነት አለ። አያቴ ግን አልዋሸችም። ማንበብ ችላ ነበር። ይህንን የማውቀው በደብዳቤዎቹ ነው።

ታናሽ ወንድሟ በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ኤርትራ ግንባር ነበር። ሁለት ደብዳቤ ላከ። የመጀመሪያውን ለማንም ሳታሳይ፣ ቃል በቃል እየቆጠረች፣ ሁለት ማታ ፈጅቶባት ራሷ አነበበችው። ወንድሟ ለማንም እንዳትነግሪ ያላት ነገር ነበረበት፤ እስከ ዛሬ አልነገረችንም። ሁለተኛው አጭር ነበር፣ በአንድ ማታ አለቀ። ሦስተኛ አልመጣም። ወንድምየውም አልመጣም። «ከዚያ በኋላ ምን አነባለሁ?» ነው ያለችኝ፣ ፊደሉን መቼ እንደረሳችው ስጠይቃት።

እኔ መልሱ ይሄ ይመስለኛል። ዘመቻው ማስተማሩ ላይ አልወደቀም፤ የወደቀው ያስተማረው ሰው ቤት የሚነበብ ነገር ባለማስገባቱ ነው። በአያቴ ሰፈር ፊደሉ ያልጠፋባቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ቁጠሩ ብትሉኝ እቆጥራለሁ። የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ የነበረው አጎቴ፤ መዝገብ በእጁ ነበርና። ሱቅ የከፈተው ጎረቤታችን፤ የዱቤ ደብተር ይይዛልና። የእድር ጸሐፊው። ውዳሴ ማርያም ማንበብ የለመዱት አንዲት እናት። ሁሉም ከዘመቻው በኋላ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የሚከፍቱት ወረቀት ነበራቸው። ቁጥሩ ደግሞ የሁሉም እጅ ላይ ቀረ፣ ምክንያቱም ገበያ በየሳምንቱ ይፈትናቸዋል። ሰንበቴ እሑድ ገበያ የወጣች ሴት ቁጥር ብትረሳ የዚያኑ ቀን ትከስራለች። ፊደል ብትረሳ ግን የምትከስረው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ይህ አልታሰበም ማለት አይደለም። ድኅረ መሠረተ ትምህርት የሚባል ክፍል ነበረ፤ ስለ እርሻና ስለ ጤና ቀጫጭን መጻሕፍት ታተሙ፣ በየገበሬ ማኅበሩ የንባብ ክፍል ይከፈት ተባለ፣ በሬዲዮም ትምህርት ይተላለፍ ነበር። መጻሕፍቱን ግን ማን ይፈልጋቸው እንደነበር ልንገራችሁ። ስለ አምራቾች ኅብረት ሥራ ጥቅም የሚያወራ መጽሐፍ፣ መሬቱን ወደ ማኅበር እንዲያስገባ እየተገደደ ላለ ገበሬ ምኑ ነው? የአያቴ ቀበሌ የንባብ ክፍል ቁልፍ ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነበር። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ እህል ተከማቸበት፣ ከዚያ በኋላ ተመልሶ የንባብ ክፍል አልሆነም።

ጎረቤቶቻችን ይህን ጉዳይ በሌላ መንገድ ይዘውት ነበር። ታንዛኒያ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለአዲስ አንባቢዎች ብቻ የተዘጋጁ የገጠር ጋዜጦችን በስዋሂሊ ታትም ነበር፤ አንዱ «ኤሊሙ ሃይና ምዊሾ» ይባላል፣ ትምህርት ማብቂያ የለውም ማለት ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ጋና ገና ጎልድ ኮስት ስትባል፣ የጎልማሶች ትምህርት ዘመቻዋን በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ስትጀምር በአገር ቋንቋዎች የሚነበብ የሚያሳትም መሥሪያ ቤት አብራ አቋቁማለች። የባሕር ዳርቻው ዓሣ አጥማጅ ፊደል ሲቆጥር ቀጥሎ የሚያነበው ነገር በቋንቋው እንዲኖር ነው። እዚያም ቢሆን ሁሉም አልተሳካም። ቢያንስ ግን ጥያቄው ቀድሞ ተጠይቋል፤ ካነበበ በኋላ ምን ያነባል?

በይፋት ደግሞ ሌላ የተወሳሰበ ነገር አለ። አካባቢው አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ አንድ ገበያ የሚወጡበት ነው። አርጎብኛ ከ15ቱ ቋንቋዎች አንዱ አልነበረም፤ አርጎባው በአማርኛ ተማረ። ኦሮምኛ ተናጋሪው በቋንቋው የመማር ዕድል ሲያገኝ ያገኘው በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1984 ጀምሮ ኦሮምኛ በላቲን መጻፍ ሲጀምር፣ ያ ሰው በአንድ ጊዜ መሃይም ሆነ። ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣውን የገዛ ቋንቋውን መጽሐፍ ማንበብ አቃተው። ቁቤ ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፤ አስተያየት መስጫው እንደሚነድ አውቃለሁ። የምለው አንድ ነገር ነው። ፊደሉን የቀየረው አካል፣ በአሮጌው ፊደል የተማሩትን ጎልማሶች ቁጭ አድርጎ ድልድይ የሚሆን የሦስት ወር ትምህርት ለመስጠት አላሰበም። እነዚያ ሰዎች ሁለት ጊዜ ተዘለሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ2000 ዓ.ም. የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፣ ከ2003 ጀምሮ «የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት» የሚል ረጅም ስም ያለው የሁለት ዓመት ፕሮግራም ተጀመረ። አስተማሪው «አመቻች» ተባለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ፊደሉን ከጤናና ከእርሻ ጋር ማያያዝ። በተግባር ግን እንደገና የተመዝጋቢ ቁጥር ተቆጠረ። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጠያቂዎች ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ካርድ ይዘው ቤት ለቤት ሲሄዱ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ማንበብ የቻሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ 69 በመቶ ነበሩ። ያ ካርድ ከምስክር ወረቀቱ የበለጠ እውነት ይናገራል፣ ምክንያቱም የሚጠይቀው «ተምረሻል ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ይህን አንብቢልኝ» ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። በኅዳር 2014 ሸዋ ሮቢት ራሷ የጦር ግንባር ነበረች። የልጆች ትምህርት ቤት በአግባቡ በማይከፈትበት ክልል ስለ ጎልማሶች ትምህርት ማንሳት ቅንጦት ሊመስል ይችላል።

አይደለም። ዛሬ ወረቀት ወደ ገበሬው ቤት እየገባ ያለው ከመቼውም በላይ ነው። የአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሰጠው የይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ያለበት፣ አዋሳኞቹ የተዘረዘሩበት ወረቀት ነው። የመሬት ኪራይ ውል፣ የማዳበሪያ ብድር፣ የጤና መድን መታወቂያ አለ። በ2013 ደግሞ ቴሌብር መጣ። ማንበብ የማትችል ሴት ልጇ ከዓረብ አገር የላከላትን ብር ለማውጣት የይለፍ ቁጥሯን ለሱቁ ልጅ ትናገራለች። አያቴ ዘመን የሚነበብ ጠፋ፤ ዛሬ የሚነበበው ሞልቶ አንባቢ የለም። ለዘመቻው በጎደለው ነገር ላይ ተቀምጠናል። አንድ አመቻች የፊደል ገበታውን ትቶ እያንዳንዷን ሴት የራሷን የመሬት ደብተር ይዛ እንድትመጣ ቢያደርግ፣ የመጀመሪያው ትምህርት በሰሜን የሚያዋስናት ማን እንደሆነ ማንበብ ቢሆን፣ ለኅትመት አንድ ሳንቲም አያስፈልገውም። መጽሐፉ ሳጥኗ ውስጥ አለ።

አንባቢ ሆይ፣ የዘመቻውን ውለታ የማሳንስ እንዳይመስልህ። አያቴ ፊደሉ ከእጇ ወጣ እንጂ ልጆቿን አንድ ሳታስቀር ትምህርት ቤት ሰደደች፤ ያውም ሴቶቹን ጭምር፣ ሰፈሩ ሁሉ ውኃ የሚቀዳው ማነው እያለ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዚያ ምክንያት ነው። ያቺ ወባ ያዛት የ12ኛ ክፍል ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለች ስልሳ ዓመቷን አልፋለች። እዚህ ገጽ ላይ ብትኖር ደስ ይለኛል።

የመሬቱ ክርክር በሽማግሌ አለቀ። አልሚው አንድ ዓመት ቀንሶ፣ ቀሪውን በአዲስ ዋጋ ተስማሙ። አዲሱ ወረቀት ሲጻፍ አያቴ ጸሐፊውን አስቆመችውና ዓመቱን በቁጥር እንዲጽፈው አዘዘችው። በፊደል መጻፍ ደንብ ነው አላት። «በፊደልም ጻፈው፣ ከጎኑ ግን ቁጥሩን አድርግልኝ» አለች። ጻፈው። ጣቷን ከመጫኗ በፊት ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙራ ቁጥሯን ፈለገች፣ አገኘቻት፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ግራ ሄዳ ፊደሎቹን ማየት ጀመረች። «ሁ» አለች፣ ቆም አለች። «ለ» የምትለው ጠፍታባት ዝም አለች። የልጅ ልጆቿ ልንነግራት ስንል እጇን አወዛወዘችብን።